ቀን ይቀነስ እንጂ ሰው አይቀነስ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የጅማ ሆቴል ሠራተኛና ሰፈሩ (በጅማ ለሆቴል ሠራተኞችና ባለቤቶች የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! አካም ጅርቱ!

የተከበራችሁ የጅማ ሆቴልና ፔንሲዮን ባለቤቶች፣ ሥራ አስኪያጆች፣ ወጥ ቤቶች፣ አስተናጋጆች፣ የአልጋ ክፍልና የላውንደሪ ሠራተኞች፣ ዕቃ አጣቢ እህቶቼ፣ የጥበቃ ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደፊት ግቡ፣ ወንበር አለ።

ግማሾቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ የማታ ሺፍት ትገባላችሁ። ስለዚህ አላንዛዛም። የማነሳው ሦስት ጉዳይ ነው። አንደኛው የሠራተኛው እንጀራ፣ ሁለተኛው የሠራተኛው ጤና፣ ሦስተኛው ሆቴሉ የቆመበት ሰፈር። በመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ፤ እሱ ካልተያዘ ሌሎቹ ሁለቱ አይያዙምና።

እስቲ ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አወጀ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ታገደ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ሁሉም ነገር አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ!

የጅማ ሆቴል በምንድን ነው የሚኖረው? እናንተው ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር የቡና ሰው አለ፤ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ገዢ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው፣ ሥልጠናው፣ የዩኒቨርሲቲው እንግዳ፣ ምርቃቱ፣ ሠርጉ ነው። መጋቢት ሲገባ የቡናው ሰው ሄዷል። የቀረን ስብሰባና የዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነበር። እነሱም ተከታትለው ቆሙ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ 14 ቀን በራሱ ወጪ ሆቴል እንዲቆይ ሲታዘዝ አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ሆቴሎች በዚያ ትንሽ ተነፈሱ። የኛ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚያስተናግደው ግን የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ያ በር ለጅማ አልተከፈተም።

አሁን ልብ በሉልኝ። እንግዳ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደርቀው ምንድን ነው? ደመወዝ አይደለም። መጀመሪያ የሚደርቀው ቲፕ ነው፣ ቀጥሎ ሰርቪስ ቻርጅ። አንድ አስተናጋጅ የወር ደመወዟ የቤት ኪራዩን ይሸፍናል እንበል። አስቤዛው፣ የልጅ ደብተሩ፣ ለእናት የሚላከው ግን የሚሸፈነው በቲፕና በ10 በመቶው ሰርቪስ ቻርጅ ድርሻዋ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ደመወዝ አልቆረጥኩም» ሲል እሱም እውነቱን ነው፤ እሷ «ገቢዬ ግማሽ ሆነ» ስትል እሷም እውነቷን ነው። ይህን ሳይነጋገሩ መቅረት ነው ጠብ የሚያመጣው። በወረርሽኝ ጊዜ የሠራተኛ ጉዳት የሚለካው በደመወዝ መዝገብ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ከመነሻው ይሳሳታል።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ጉዳይ።

የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው። ማንን እንቆጥራለን? ቋሚ ሠራተኛውን ሁሉም ይቆጥራል። ጊዜያዊውስ? ሠርግ ሲኖር ብቻ የሚጠሩት አስተናጋጆችስ? በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላዋ? ጠዋት ጠዋት እንጀራ የምታቀርበዋ? ከሂርማታ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም በዱቤ የምትሰጠዋ? ከመናኸሪያ እንግዳ የሚያመጣው ባለባጃጅ? እነዚህ ሁሉ ከሆቴሉ ይበላሉ፤ የሆቴሉ ደብተር ላይ ግን የሉም። አንድ ወረቀት ውሰዱና በሦስት ዓምድ ጻፉ፦ ስም፣ ስልክ፣ በቤቱ ስንት ሰው ይተዳደርበታል። ሦስተኛው ዓምድ ትልቁ ነው። ብቻዋን የምትኖር ወጣትና አምስት ሰው የምታስተዳድር ዕቃ አጣቢ ደመወዛቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ ችግራቸው ግን እኩል አይደለም። ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከከፋ መጥተው ተከራይተው የሚኖሩትን ደግሞ ምልክት አድርጉባቸው፤ መንገድ ሲዘጋ ወደ ቤተሰብ መመለስ አይችሉም፣ ዱቤ የሚሰጣቸው ዘመድም ቅርብ የላቸውም።

በነገራችን ላይ ሆቴሉ የሚዘጋ ከመሰለ የባለጉልቷን ዱቤ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ለትልቁ አከፋፋይ ትንሽ ዕዳ ቢቆይ አይጎዳውም። የእሷ ግን ያ ዱቤ መነሻ ገንዘቧ ነው፤ እሱ ከተያዘ በማግስቱ ገበያ አትወጣም።

ሁለተኛው ሥራ ሺፍት ማደራጀት ነው። ዛሬ ወደዚህ የመጣሁበትን ነገር አሁን ልበለው፦ ቀን ይቀነስ እንጂ ሰው አይቀነስ። ደግሜ እላለሁ፣ ቀን ይቀነስ እንጂ ሰው አይቀነስ!

እንዴት? በምሳሌ እንሂድ። 36 ሠራተኛ ያለው ሆቴል ነው እንበል። እንግዳ ቀንሶ በቀን 12 ሰው ይበቃል። ቀላሉ መንገድ 24ቱን ማሰናበት ነው። እኔ የምለው ግን ሠላሳ ስድስቱን በሦስት ቡድን ክፈሏቸው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሪሴፕሽን፣ ሦስት የአልጋ ክፍልና የላውንደሪ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት አስተናጋጅ፣ አንድ ዕቃ አጣቢ፣ ሁለት ጥበቃ ይኑረው። ይኸው 12 ሞላ። አንዱ ቡድን አንድ ሳምንት ይሠራል፣ ሁለት ሳምንት ያርፋል።

«ለምን በየቀኑ አንቀያየርም?» ትሉኝ ይሆናል። በየቀኑ ከተቀያየራችሁ በሦስት ቀን ውስጥ 36ቱም በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ልብስ መቀየሪያ ይለብሳሉ። አንዱ ቢታመም ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፤ ሆቴሉ ይዘጋል። በሳምንት ከሆነ ግን የተያዘው ሰው የሚነካካው ከራሱ 11 ባልደረቦች ጋር ብቻ ነው። የዕረፍቱ ሁለት ሳምንት 14 ቀን ነው፤ ለኮሮና ለይቶ ማቆያ ይታዘዝ የነበረውም 14 ቀን ነበር። ሕመሙ የሚወጣ ከሆነ ሰውየው ቤቱ እያለ ይወጣል። ሠራተኛ ላለመቀነስ ያወጣችሁት ሺፍት ራሱ መከላከያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

ይህ አሠራር የት ላይ ይበላሻል? ሦስት ቦታ። መጀመሪያ «ዛሬ ተካኝ፣ ነገ እተካሃለሁ» ላይ። ጓደኛ ለጓደኛ ማድረጉ ደግ ነው፤ ግን አንድ ሰው ቡድን በተሻገረ ቁጥር ሁለት ቡድን አንድ ይሆናል። መተካካት ካለ እዚያው ቡድን ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ ርክክብ ላይ። ወጪው ቡድንና ገቢው ቡድን ስቶር ውስጥ ተሰብስበው ዕቃ ከቆጠሩ የሳምንቱ ድካም ከንቱ ሆነ። ወጪው ቆጥሮ መዝገብ ላይ ይፈርም፣ ቁልፉን በአልኮል ጠርጎ ሪሴፕሽን ያስቀምጥ፣ ይውጣ፤ ገቢው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይግባና ራሱ ይቁጠር። ሦስተኛ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ ላይ። ካሸሯ አንድ ከሆነች፣ ጄኔሬተር ማስነሳት የሚያውቀው አንድ ሰው ከሆነ፣ ሦስት ቡድን ማቋቋም አይቻልም። እያንዳንዱን ሥራ ሦስት ሰው እንዲያውቀው አሁን፣ በደህናው ቀን አሠልጥኑ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

በዚያው ሆቴል 24 ሠራተኛ 2,000 ብር፣ 9 ሠራተኛ 4,000 ብር፣ 3 ሠራተኛ 10,000 ብር ያገኛሉ እንበል። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ነው የወሰድኩት፤ እናንተ በራሳችሁ ፔይሮል ተኩት። የወሩ ደመወዝ 114,000 ብር ነው። ቤቱ መክፈል የሚችለው ግማሹን፣ 57,000 ብር ብቻ ሆነ። ምን ይደረግ?

ብዙዎች «ሁሉም ግማሽ ይውሰድ» ይላሉ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ዕቃ አጣቢዋ 1,000 ብር ይዛ ትሄዳለች፤ ኪራይ ብትከፍል አትበላም፣ ብትበላ ኪራይ አትከፍልም። ሥራ አስኪያጁ 5,000 ይዞ ይሄዳል። እውነት ይህ እኩል ነው?

ደመወዙን በደረጃ ክፈሉት። ከእያንዳንዱ ሰው ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር 70 በመቶው ይከፈል። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ያለው 20 በመቶው ይከፈል። ከ4,000 በላይ ያለው 10 በመቶው ይከፈል። አስሉት፦ ባለ 2,000 ብሯ 1,400 ታገኛለች። ባለ 4,000 ብሩ 1,800፣ ባለ 10,000 ብሩ 2,400 ያገኛሉ። ሁሉም ሲደመር 57,000 ብር። ከባለቤቱ ኪስ አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም፣ የታችኛዋ ግን 400 ብር አገኘች። በዚያን ጊዜ 400 ብር ምን ያህል ሽሮና ዘይት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከላይ ያላችሁ ሥራ አስኪያጆች እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል። ቢሆንም ይህን ዕቅድ ስብሰባ ላይ ቀድማችሁ ማንበብ ያለባችሁ እናንተው ናችሁ። ከላይ ካልተጀመረ ከታች ያለው አያምንም።

ግን ጥንቃቄ! ደመወዝ በባለቤት ፈቃድ ብቻ አይቀነስም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ በቀር ሠራተኛው በጽሑፍ ሳይስማማ ከደመወዙ አይቆረጥም። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ የቀረው ገንዘብ የተተወ ነው ወይስ የዘገየ፣ የዘገየ ከሆነ መቼና በስንት ጊዜ ይከፈላል። «የተተወ ነው ወይስ የዘገየ?» የምትለዋን ጥያቄ ብዙ ቤት ይዘላታል፤ እንግዳ ተመልሶ ሲመጣ ፍርድ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ቋንቋውም ይታሰብበት። ሠራተኛው አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ከሆነ በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ። ያልገባውን ፈርሟል ማለት ተስማምቷል ማለት አይደለም።

ከመቀነስ በፊት ደግሞ የዓመት ፈቃድ አለ። በአዋጁ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ያልወሰዱትን ፈቃድ በጸጥታው ጊዜ መውሰድ ሠራተኛውንም ቤቱንም ይጠቅማል። ከዚያ ካለፈ አዋጁ ውስጥ የሥራ ውል ለጊዜው ማገድ የሚባል መንገድ አለ። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልሆነ የገንዘብ ችግር ሥራው ከ10 ተከታታይ ቀን ላላነሰ ጊዜ ሲቋረጥ ማለት ነው። አሠሪው በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል፣ መሥሪያ ቤቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ይወስናል፣ እግዱ ከ90 ቀን አይበልጥም። ውሉ ታገደ እንጂ አልተቋረጠም፤ ሠራተኛው የሆቴሉ ሠራተኛ ነው። «ቆይ እንደውልልሃለን» ተብሎ በቃል ቤቱ የተላከ ሰው ግን ምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። በቃል አትስደዱ፣ በቃልም አትሂዱ! ወረቀት ጠይቁ።

በ2012 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ ክልከላ መኖሩን ሰምቶ የኪራይ ቤቱን ከመልቀቅ የዳነ አለ፤ ሳይሰማ የለቀቀም አለ። ስለዚህ በየሆቴሉ አንድ ሰው ይመደብ፤ አዲስ ደንብ በወጣ ቁጥር አንብቦ ለሌላው በስልክ የሚነግር። ይህ ብር አይጠይቅም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ጤናው።

ሆቴል ውስጥ በሽታ ወደ ሠራተኛ በብዛት የሚተላለፍበት ቦታ የት ይመስላችኋል? ሁሉም «እንግዳው ክፍል» ይላል። እንግዳው ክፍል ስንገባ ማስክ አለ፣ ጓንት አለ፣ ጥንቃቄ አለ። የሠራተኛ ምግብ ቤት ውስጥስ? ማስክ ይወልቃል፣ ጠባብ ክፍል ነው፣ ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ይሳቃል፣ ይጎራረሳል። ልብስ መቀየሪያውም እንደዚያው፤ አብዛኛው መስኮት እንኳ የለውም። እንግዲህ የሠራተኛ ምሳ በሦስት ዙር ይሁን፣ አራት አራት ሰው። ምግቡ በየሰሃኑ ይቅረብ። የጅማ አየር ምቹ ነው፤ ጓሮው ላይ ዳስ ጥላችሁ ውጭ አብሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቆርቆሮና አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው።

ስለ በረኪና ልናገር፤ በዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ገበያ ላይ ያለው በረኪና አብዛኛው 5 በመቶ ነው፤ ስትገዙ ግን ጀርባውን አንብቡ። ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛ፣ ለመብራት ማብሪያ፣ ለሪሞት 1 እጅ በረኪና በ49 እጅ ውሃ ይበቃል። በአምስት ሊትር ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና፣ ቀሪው ውሃ። ደም ወይም ትውከት ለነካው ወለል 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ፤ በአምስት ሊትሩ ባልዲ ግማሽ ሊትር በረኪና ማለት ነው። ወለሉ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ከተቀባ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይወልወል፤ በተለይ ብረት ከሆነ ይዝጋል።

ስህተቱ ምን ላይ ነው? «ሲበዛ ይበልጥ ይገድላል» ብሎ ሳይለኩ መገልበጥ፤ የሠራተኛዋን ዓይንና ሳንባ ነው የሚያቃጥለው። ለሦስት ቀን አንዴ በጥብጦ ማስቀመጥ፤ የተበጠበጠ በረኪና በፀሐይና በጊዜ ይደክማል፣ በየጠዋቱ አዲስ ይበጥበጥ። በፈላ ውሃ መበጥበጥ፤ እሱም ያደክመዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ነው። «ሁለቱን ብቀላቅል ቶሎ ያነጣልኛል» ብላ በጠባብ ሽንት ቤት በሯን ዘግታ የምታፀዳ እህታችን ክሎሪን ጋዝ ነው የምትተነፍሰው። በፍጹም አይቀላቀልም! በረኪና ባለበት አሲድ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። በረኪናውን በሃይላንድ ቀድቶ ማስቀመጥ። ተመልከቱ፦ የአልጋ ክፍል ጋሪ ላይ አንድ ሃይላንድ ውሃ አለ፣ ጎኑ ላይ አንድ ሃይላንድ በረኪና አለ። ሁለቱም ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ክዳናቸው አንድ ዓይነት ሰማያዊ። ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ የተጠማች ልጅ የትኛውን ታነሳለች? ወይም ቤት ወስዳው ልጇ ያገኘዋል። በረኪና ከራሱ ዕቃ አይውጣ፤ የግድ ከወጣ ቀለም የተቀባ ጄሪካን ይሁንና በትልቁ ይጻፍበት።

የታመመ ሠራተኛ ምን ይደረግ? አዋጁ ግልጽ ነው። በሕክምና ማስረጃ የተረጋገጠ ሕመም ከሆነ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ይህን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ለምን? «ከታመምኩ ደመወዜ ይቀራል» ብሎ የሚያምን ሰው ትኩሳቱን ይደብቃል። ጠዋት ፓራሲታሞል ውጦ በር ላይ የሙቀት መለኪያውን ያልፋል፣ ቀኑን ሙሉ ሰሃን ሲያቀብል ይውላል። መለኪያው አይይዘውም፤ የሚይዘው ሰውየው ራሱ «አሞኛል» ለማለት ሲደፍር ነው። ስሙም አይነገር። «የቡድን ሀ አንድ ሰው ታሟል፣ ቡድኑ ቤቱ ይቆይ» ማለት ይበቃል። በ2012 የታመመ ሰው ቤቱ በጣት ሲጠቆም፣ ልጆቹን ጎረቤት ሲሸሻቸው አይተናል። ያ እንዳይደገም።

እጅ መታጠቢያ ላይ አልቆይም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የውሃውን ሒሳብ ብቻ ያዙ፦ 12 ሰው በቀን 8 ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሊትር፣ 48 ሊትር ይሆናል። ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ባለ 200 ሊትር በርሜል ከቧንቧ ጋር ለሠራተኛው ብቻ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ አራት ቀን ያደርሳችኋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሰፈሩ ነው።

ወገኖቼ፣ ሆቴል ሲዘጋ ምን ምን ይዞ እንደሚዘጋ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ትልቅ ድስት፣ ትልቅ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ባዶ አልጋ፣ ለመቶ ሰው መቀቀል የሚችል ባለሙያ። በወረርሽኝ ጊዜ ሰፈሩ የሚያጣው ይህንኑ ነው። የጅማው መርካቶ ጫኝና አውራጅ፣ ሊስትሮው፣ ቡና የምትለቅመው እህት የዕለት ገቢ ነው ያላቸው፤ ከተማው አንድ ቀን ሲቆም እነሱ ያን ቀን አይበሉም። በ2012 «ማዕድ ማጋራት» ሲባል ብዙ ቤት ደረቅ ራሽን ሰጥቷል። ጥሩ ነው። ግን ማብሰያ የሌለው፣ ከሰል የማይገዛ ሰው ዱቄት ይዞ ምን ያደርጋል? ለእሱ የተሠራ ምግብ ነው የሚያስፈልገው።

ምን እንሥራ? ሽሮ! ሽሮ በፆምም በፍስክም ይበላል። ሥጋ ስለሌለበት የእርድ ጥያቄ አይነሳም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ድስት ይወስዳል። ለጅማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለ100 ሰው 5 ኪሎ ሽሮ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፣ ከ25 እስከ 30 ሊትር ውሃ፣ 150 እንጀራ። ጨው እየቀመሳችሁ፤ ከሩብ ኪሎ ጀምሩ።

ብዙ መጠን ሲሠራ የሚበላሽ ነገር አለ። ለአምስት ሰው የለመደ እጅ ሽሮውን የፈላ ውሃ ላይ በትኖ ያማስላል፤ 30 ሊትር ድስት ላይ እንዲህ ከሆነ ይጓጉላል። በቀዝቃዛ ውሃ አስቀድማችሁ በጥብጡትና እያማሰላችሁ ጨምሩት። አንድ ግዙፍ ድስት ከሥር ያራል፣ ከላይ አይበስልም፤ ሁለት መካከለኛ ድስት ይሻላል። ከምድጃ ከወረደ በኋላ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እንዳይወርድ ተከድኖ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታድሎ ይለቅ። ለብ ያለ ሽሮ በድስቱ እንዳለ አድሮ ነገ አይታደልም፤ ትልቅ ድስት መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል፣ የሚያሳምመውም እሱ ነው። እንጀራውም ሳይበርድ በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ቀዝቅዞ ይታጠፍ፣ ወጡ በሌላ ዕቃ ይሁን።

ማደሉ ላይ ሰልፍ ከተፈጠረ የረዳችሁ መስሏችሁ በሽታ አደላችሁ ማለት ነው። ሰውን የሚያውቀው ዕድሩ ነው። ከዕድሩ ጋር ተነጋግራችሁ 100 ካርድ አዘጋጁ፣ በካርዱ ላይ ሰዓት ይጻፍ፣ በየ10 ደቂቃው 10 ሰው። በ100 ደቂቃ ያልቃል። አቅመ ደካማውንና የአልጋ ቁራኛውን የዕድሩ ልጆች በር ድረስ ያድርሱለት፤ ካርድ ይዞ ይምጣ አይባልም። የተቸገረ ሰው ፎቶ አይነሳ። ይህን በአደራ ነው የምላችሁ፤ እጁን የዘረጋን ሰው ፎቶ አታንሱ! በ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ውሎ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። እንዲያ ያለ ጊዜ ሲገጥም የማደያው ሰዓት ይለወጥ፤ ከቀኑ 10፡30 ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት ሁሉም ቤቱ ይግባ።

ባዶ አልጋ ስላላችሁም የሕክምና ማዕከሉን ነርሶችና ሐኪሞች አስቡ። በሽታ ወደ ቤተሰባቸው እንዳይወስዱ ማደሪያ ይፈልጋሉ። አንድ ፎቅ ለብቻ፣ ደረጃው ለብቻ፣ አንሶላው ሳይራገፍ በከረጢት ታስሮ ወርዶ ቢያንስ በ60 ዲግሪ ይታጠብ። የሠራተኛው ፈቃድ ግን ይጠየቅ፤ ቤቷ አረጋዊ እናት ያለባትን ልጅ እዚያ ፎቅ አትመድቡ።

የተዘጋውን ክፍል ደግሞ አትርሱት። የጅማ ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ወር የተዘጋ ክፍል ፍራሹ ይሻግታል፣ ቁም ሣጥኑ ይሸታል። በየሦስት ቀኑ መስኮት ይከፈት፣ ፍራሽ ይቁም፣ ቧንቧና ሻወር 5 ደቂቃ ይፍሰስ። ቆሞ የከረመ ውሃ ተህዋስ ያራባል፤ እንግዳው የመጀመሪያ ቀን ሻወር ሲከፍት በእንፋሎቱ ይተነፍሰዋል። ይህን ሥራ ተራው ለደረሰው ቡድን ስጡት፤ ሥራ ነውና ይከፈልበታል።

ለማጠቃለል ሳይሆን ለመጀመር አንድ ነገር። ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ የተነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። አሁን እንግዳ አለ፣ ሰርቪስ ቻርጅም አለ። 36 ሠራተኛ በወር 20፣ 20 ብር ቢያዋጣ በሁለት ዓመት 17,280 ብር ይሆናል፤ ባለቤቱ ያንኑ ያህል ቢጨምር 34,560። ባንክ ውስጥ በሦስት ፊርማ ይቀመጥ፤ አንዱ ከባለቤት፣ ሁለቱ ከሠራተኛ፣ ከሁለቱ አንዷ ከዕቃ አጣቢ ወይም ከላውንደሪ ትሁን። በምን ምክንያት እንደሚወጣ ዛሬውኑ ይጻፍ፤ ለሠርግና ለለቅሶ ዕድር አለ፣ ይኼኛው ሥራ ሲቆም ብቻ ነው።

ባለሦስት ዓምዱ ወረቀት በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ አለ። ለየሆቴላችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የማታ ሺፍት ያላችሁ ቅድሚያ ይሰጣችሁ። እርስዎ እህቴ፣ ከመስኮቱ ጋ ያሉት፣ ይጀምሩ።